የወተት መኪናና የጨረቃ ጎጆ

ሚርጎሮድ፣ ሜይ 17 ቀን 1981

«ጨረቃ ከተሰረዘች ወዲህ ጉበቴ አልተመለሰልኝም።»

ውድ ወንድሜ ቴሬንቲ፣ ሰላምታ ማስቀደም እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ሳልረሳው ልጻፍልህ ብዬ ነው። ሰላምታውም ይኸው፦ አንተም በጎችህም እንዴት ከረማችሁ? አምላክ ጤናህን አይንሳህ፣ ዝናቡንም በልኩ ያውርድልህ። እኛ አለን።

ንግግሩን የሰማሁት የማዕድን ውሃው ሰልፍ ላይ ነው። ከትልቁ ከተማ ፋብሪካ ጉበታቸውን እንዲታከሙ የተላኩ ሁለት ሽማግሌዎች ኩባያቸውን ይዘው ከፊቴ ቆመዋል። አንደኛው ይህን ሲል ሌላው ራሱን ነቀነቀና «የኔም ከዚያ ወዲህ ነው» አለው። እኔ የተነገረኝን የማምን ሰው ነኝ። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ብቅ ብዬ አየሁ። ጨረቃ ቦታዋ ላይ ናት፣ ትንሽ ብቻ ጎድላለች። የመሰረዟ ደብዳቤ ገና አልደረሳትም መሰለኝ። ይህ ውሃ የሚያደርገውን ለሐኪሙ ልነግረው አስቤ ተውኩት፤ እሱም ይጠጣዋል።

ከላክልኝ አምስት ድውር የበግ ጠጉር ክር ሦስቱ ደርሰውኛል። ሁለቱ መንገድ ላይ በርዷቸው አንድ ሰው ቤት ገብተው ቀርተዋል። ግራጫው በጣም ያምራል። ሹራቤ እጅጌ ይቀረዋል፤ ቢቻልህ ሁለት ግራጫ ድውር ብትልክልኝ ክረምቱን ባለ ሁለት እጅ ሆኜ እወጣዋለሁ።

በእያንዳንዱ ደብዳቤህ ግርጌ «ኪንድራትስ እንዴት ነው?» ትላለህ። አሥር ዓመት ሙሉ የመለስኩልህ ስለ አየሩ ነበር። ዘንድሮ ግን ነገሩ ቤቴ ድረስ መጣብኝ። ኦዳርካና ባሏ በኦገስት የጋብቻቸውን አሥረኛ ዓመት ሊያከብሩ ነው፤ ልጄ «አባባ ከማዕዱ ካልተቀመጠ ድግሱ ይቅርብኝ» ብላኛለች። ስለዚህ የሆነውን አንድ ጊዜ ልንገርህና ይብቃን።

የቀድሞ ባሌ ኪንድራት መሐንዲስ ነው። ፋብሪካው ምን እንደሚሠራ ብትጠይቀው «ወተት ከቅባቱ የሚለይ መኪና» ይልሃል። ሃያ አራት ዓመት እንዲህ አለኝ፣ እኔም አመንኩት፤ አንዲትም የወተት መኪና ግን ቤታችን አላመጣም። ከዚያ መጥፋት ጀመረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሳምንታት፣ «የወተት መኪና ሊተክል»። በመጀመሪያው ጆሮው በብርድ ተልጦ ተመለሰ። ሦስተኛው መጥፋቱ በራሱ ልጅ ሰርግ ቀን ዋለ። ኦዳርካን ወደ ጋብቻ መዝገቡ አዳራሽ ይዣት የገባሁት እኔ ነኝ። ከእሱ የመጣው ቴሌግራም ነው፦ «ሥራ አለ። ይቅርታ።» ሦስት ቃል፤ አራተኛው ያስከፍላል መሰለኝ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል፣ ጫማውን ሳራግፈው አሸዋ ወጣ። ወተት ሰው አያጠቁርም፣ ቴሬንቲ። ሰው ፀሐይ ሊሞቅ በሚሄድበት ባሕር፣ ያልታ አካባቢ፣ ሴት እንዳለችው ለማወቅ እንደኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። በዚያው ክረምት ፈታሁት።

ከማዕዴ አይቀመጥም። ይህን ለኦዳርካ ነግሬያታለሁ፤ ለአንተም ነገርኩህ።

በሰላም ክረም።
እህትህ ሜላኒያ

ኦገስት 30 ቀን 1981፣ አውስትራሊያ፣ እርሻው

ለተወደድሽ እህቴ ለሜላኒያ፣

በያለሽበት ሰላም ይብዛልሽ፤ ለኦዳርካም፣ ለልጆቿም፣ ላደግንበት ወንዝም። የአገራችን ቋንቋ ከአፌ ቢዝግ ይቅር በይኝ፤ እዚህ የማናግረው ሰው ከበጎቹ ሌላ የለም፣ እነሱም እንግሊዝኛ ነው የለመዱት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጁላይ ማለቂያ ነው። ወዲያው ልመልስ ወረቀት ካወጣሁ በኋላ ሰማይ ሊወድቅብን ነው ተባለና ወረቀቱን መልሼ አስገባሁት። ቀልድ አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት ከእናንተ ዘንድ የተተኮሰ አንድ ዕቃ እየዞረ እየዞረ ደክሞት እኛ ላይ ሊወርድ ነው አለ ሬዲዮው። ካለፈው ዕቃ ተምረናል፦ የዛሬ ሁለት ዓመት የአሜሪካኖቹ የጠፈር ቤት ከኛ በስተደቡብ ተበታትኖ ወድቆ የወረዳው ምክር ቤት «ቆሻሻ ጥላችኋል» ብሎ ቀጣቸው። የናንተው ግን ሌላ ፍርሃት አለው። ከዚያ በፊት አንዱ ካናዳ ላይ ሲወድቅ በሆዱ የአቶም ምድጃ ይዞ ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ጎረቤቴ ክሌም በጎቹን ቆርቆሮ ጣሪያ ስር አጎረ፤ ጣሪያው እነሱን ከነፋስ እንኳ አስጥሎ አያውቅም።

ፖስታ ቤት ስገባ ሠራተኛዋ ቤሪል መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝና «ቴሪ፣ ሰዎችህ ምን እየጣሉብን ነው?» አለችኝ።

«ሰዎቼ እኔን ራሴን ከጣሉኝ ሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣» አልኳት፣ «ያኔ ማንም ጣሪያ ስር አልገባም።»

«አንተማ ቀላል ነህ፣ አቶም የለህም» አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ፤ ግን ከኔ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ነው የሳቁት። ሩሲያዊ አይደለሁም፣ ዩክሬናዊ ነኝ ብዬ ሠላሳ ዓመት አስረድቻቸዋለሁ። እንዲህ ባለ ሳምንት ልዩነቱን የሚሰማ የለም።

ባለፈው ሳምንት ወረደ። ሁላችንም ወንበር አውጥተን ጠበቅን፣ ደመና ነበር፣ ምንም ሳናይ ወንበሮቹን አስገባን። የገረመን ከዚያ በኋላ ነው። የእናንተ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ራሱ ለአውስትራሊያ ሰው እንዲህ ሲል ተናገረ፦ አትደንግጡ፣ አቶም የለበትም፣ ይህ ሰው ያልተሳፈረበት የሙከራ የጨረቃ ጎጆ ነው። ጨረቃ ላይ ሰው ሊያወርዱበት የሠሩት፣ ባዶውን አየር ላይ የሞከሩት። ክሌም «እነሱማ ጨረቃ ልንሄድ ብለን አናውቅም ይሉ አልነበር?» አለ። እውነቱን ነው፤ ሲሉ የነበረው እንደዚያ ነው። የጋዜጣውን ቁራጭ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ጎጆዋ የተተኮሰችበት ቀን ኦገስት 12፣ 1971 ነው ይላል። ቀኑን ሳየው ለኦዳርካ ሰርግ የላክሁት የአንገት ልብስ ትዝ አለኝ፤ ሰርጉ በዚያው ሰሞን ነበር አይደል? እኔ የበግ ሰው ነኝ፣ ሌላ ምንም አላልኩም።

ሁለቱ ግራጫ ድውሮች በሚቀጥለው መርከብ ይመጣሉ። ኪንድራትን ከማዕድሽ አስቀመጥሽው ወይስ አላስቀመጥሽውም?

አምላክ ይጠብቅሽ።
ቴሬንቲ

ሚርጎሮድ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1981

ወንድሜ ቴሬንቲ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ፤ በጥሩ ሙጫ፣ ካንተ እጅ በተሻለ ጥንቃቄ እንደገና ታሽጎ። የጋዜጣው ቁራጭ ውስጡ አልነበረም። አንተ በእጅህ የጻፍከው ግን ከነነጥቡ አለ። ይህን ነገር ሳስበው የሚኒስቴርን ቃል የሚሰርዝ እጅ ከየት ይመጣል?

ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ካነበብኩ በኋላ በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀልኩ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ የሳንባ በሽተኛ ጨርሶ የመለሰውን መጽሐፍ ይዞ በመስታወቱ ሲያየኝ ቆየ፤ እኔም አየሁት።

ኪንድራትን ለድግሱ አልጠራሁትም ነበር። ሳይጠራ በአውቶቡስ መጥቶ ሐብሐብ በሩ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። ኦዳርካ በመስኮት አይታው ሮጣ ስትወጣ አውቶቡሱ ሄዷል። ሐብሐቡን ለጎረቤት አሳማ ሰጠሁት። ትልቅ ሐብሐብ ነበር።

ክሩን ተወው፣ አትላክ። የምለምንህ ሌላ ነው። እናንተ ላይ የወደቀውን የወተት መኪና ቀን እንደገና ጻፍልኝ፤ በቁጥርም በፊደልም። ሁለትህና ሰባትህ ከልጅነትህ ጀምሮ አይለዩም። ከእሷ በፊት የተላኩ እህቶች እንዳሏትም ጠይቅልኝ፤ ካሏት የእነሱንም ቀን። ስለ በጎችህም ብዙ ጻፍ፤ ሰው እንዲሰለቸው አድርገህ።

ሜላኒያ

ጃንዋሪ 20 ቀን 1982፣ እርሻው

ውድ እህቴ፣ አዲሱ ዓመት የዕረፍት ይሁንልሽ።

በመጀመሪያ በጎቹ። ደህና ናቸው። ሙቀቱ አርባ ሦስት ደርሷል፣ ጥላ ስር ተኝተው ወደ እኔ ያያሉ፣ እኔም ጥላ ስር ተኝቼ አያቸዋለሁ። ስድስቱ ሰኮናቸው ቆስሎ ነበር፣ ድነዋል። አንዷ ገና ታነክሳለች። በሚቀጥለው ወር መድኃኒት ውስጥ እነክራቸዋለሁ፤ የምነክራቸው በተራ ነው፣ ትንሹን መጀመሪያ። ይበቃ ይሆን?

እንግዲህ፦ አሥራ ሁለት። 12። አሥራ ሰባት አይደለም። ኦገስት 12 ቀን 1971።

እህቶችም አሏት። እዚህ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አለ፣ ፕሪዶ ይባላል፤ ሰማይ ላይ የሚዞረውን ሁሉ እንደኔ በግ ይቆጥራል። ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ መጀመሪያ ተጠራጠረኝ፣ ቀጥሎ ሚስቱን ሻይ አስመጣ። ሦስት ናቸው አለኝ። አንደኛዋ ኖቬምበር 24 ቀን 1970፣ ሁለተኛዋ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1971፣ ሦስተኛዋ የኛዋ። ሦስቱም ሰው አልያዙም። ሁለቱ አሁንም እየዞሩ ነው።

ዝርዝሩን ሁሉ፣ ምን ቀን ምን እንዳደረገች፣ እንግሊዝ አገር ላለ ወዳጁ ጽፎ አስመጣልሃለሁ ብሏል። ግን እሱ እስከ ኤፕሪል ባሕር ዳር ነው የሚቆየው፤ ታገሽ።

ለምን እንደምትጠይቂኝ አልጠይቅሽም። ግን አንቺ ቤተ መጻሕፍት የዘጋሽ ዕለት እኔም እርሻዬን መዝጋት ነበረብኝ መሰለኝ።

ቴሬንቲ

ሜይ 9 ቀን 1982

ወንድሜ ቴሬንቲ፣ ይህ ደብዳቤ በፖስታ አይመጣልህም። ከሜልበርን ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ ወይዘሮ ስቴፋኒያ የሚባሉ ሴት ጁላይ ላይ ሲመለሱ በመቀነታቸው ውስጥ ይዘውልህ ይመጣሉ። ሰውነታቸው ሞላ ያለ ስለሆነ አራት ወረቀት አይታወቅባቸውም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ወተት አልጽፍም። ሰላምታዬንም ሙሉውን ውሰድ፦ ዕድሜ ይስጥህ፣ ብቻህን አያስቀርህ፣ ያንተን ደብዳቤ የከፈተ እጅ ሁሉ ደግ ነገር ብቻ ያንብብ።

ጃንዋሪ የጻፍከው ማርች ላይ ደረሰኝ። የፍቺዬን ፋይል ከጂኦግራፊ መደርደሪያ ኋላ ነበር የማስቀምጠው፤ እዚያ መደርደሪያ ማንም አይሄድም። አወጣሁትና ካንተ ቀኖች ጎን ዘረጋሁት። እኔው በራሴ እጅ ለዳኛው የጻፍኩት ነው፦ ባሌ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት የቀረባቸው ቀኖች። የመጀመሪያው መቅረቱ፣ መሃሉ ላይ ያንተ ኖቬምበር 24። ሁለተኛው መቅረቱ፣ መሃሉ ላይ ያንተ ፌብሩዋሪ 26። ሦስተኛው ከጁላይ 28 እስከ ሴፕቴምበር 18። ኦገስት 12 ውስጡ አለች። ፋይሉን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ባቡር ተሳፈርኩ።

ኪንድራት የሚኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ አምስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም። በሩን ከፍቶ አየኝ። «ኦዳርካ ምን ሆነች?» አለ።

«ደህና ናት። አስገባኝ፣ እግሬን ጨርሶታል ደረጃህ። ወይስ ውስጥ ሴት አለች?»

«አለች። መስኮቱ ጋ ቲማቲም እያጠጣች ነው።»

ታውቀኛለህ፤ ሄጄ አየሁ። ቲማቲም ብቻ ነበር፣ በእርጎ ብርጭቆ የበቀለ፣ በመስመር የተደረደረ፣ እያንዳንዱ ላይ ቀን ተጽፎበታል። ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩና «ኦገስት 12፣ ሰባ አንድ። የጨረቃ ጎጆ» አልኩት።

ተነስቶ የውሃውን ቧንቧ ከፈተ፣ ሬዲዮውንም ከፈተ፣ ሬዲዮው ስለ ድንች ማዳበሪያ ያወራል። ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብሎ «ማን ነገረሽ?» አለ።

«የበግ አርቢ።»

«የት ያለ የበግ አርቢ?»

«አውስትራሊያ ያለ።»

«እሱንስ ማን ነገረው?»

«የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራችን። ሰዉ እንዳይደነግጥ ብሎ።»

እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት። ቧንቧው ሥር ያለውን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት። ሲናገር ድምፁን መቀነስ ረስቶት ነበር።

«እንዳይደነግጡ፣» አለ። «ለሚስቴ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ ፈርሜያለሁ። የልጄን ሰርግ ቀርቻለሁ። ችሎት አቁመሽኝ ዳኛው 'የት ነበርክ?' ሲለኝ 'የወተት መኪና ስተክል' ብዬ አዳራሹ በሙሉ ስቆብኛል፤ አንቺ ራስሽ ስቀሻል፣ አይቼሻለሁ። እና እነሱ ለበግ አርቢዎች ነገሯቸው?»

«ለበጎቹ ሳይቀር» አልኩት።

ያን ቀን እስኪመሽ አወራ። ሃያ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ የሰማሁት ተደምሮ ያን ያህል አይሆንም። የእሱ ሥራ ሞተሩ ነበር። ሰው ሊሳፈርባት የተሠራችውን ጎጆ ባዶዋን ሰቅለው ማንም ሳይነካት እንድትነሣ፣ እንድታርፍ መስላ እንድትወርድ፣ እንደገና እንድትሸሽ ያዟታል። «ሦስት ጊዜ ሞከርናት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያልናትን አደረገች» አለኝ። ጣቶቹን እየቆጠረ ነው ይህን የሚለው፣ እኔ እንደምጠራጠረው ሁሉ። ጎጆዋ ደህና ነበረች፤ ወደ ጨረቃ የሚያደርሳት ትልቁ ሮኬት ነው እየፈነዳ ያስቸገረው። ከዚያ አንድ ቀን ትዕዛዝ መጣ፤ ሥራው ተሰረዘ፣ የቀሩትን አፍርሱ፣ ስሙንም አታንሱ። የሰዎቹ ጉበት የታመመው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ ጠያቂነቴ አይለቀኝም። «የተተኮሰችው ሰርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አንተ የመጣኸው ሴፕቴምበር 18 ነው። አምስት ሳምንት ምን ስትሠራ?»

«እሷ እኮ ላይ ናት» አለኝ፣ አንድ ነገር እንደማይገባው ልጅ እያየኝ። «ትዞራለች፣ ትጣራለች፣ ትሠራለች። በየተራ ጆሯችንን ደቅነን ማደር ነው። ላም ስታምጥ ጥለሽ ወደ ሰርግ ትሄጃለሽ? አምስት ሳምንት ሙሉ ከአጠገቧ አልተነሳንም። በረሃ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። የጠቆርኩት እዚያ ነው።»

አፈርኩ። እንዲህ ያለ ሀፍረት አላውቅም። ሚርጎሮድ በሙሉ የሚያውቀው ባሌ ያልታ ሴት እንዳለችው ነው፤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሰዎች ስሟን አጥብቀው ሲጠይቁኝ ከአንድ የመጽሐፍ ካርድ ላይ አንስቼ «ሩፊና» አልኳቸው። ጠጉሯን ሲጠይቁኝ «ቀይ» አልኩ። የማዕድን ውሃ ቀጂዋ እስከ ዛሬ ቀይ ጠጉር ያላት በሽተኛ በመጣች ቁጥር ትጠራኛለች። ይህን ሁሉ ለኪንድራት ተናዘዝኩለት። ሳቀ፣ ለብዙ ጊዜ ሳቀ፣ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና «ቀይ ጠጉር አልወድም» አለኝ። ለሌለች ሴት ይቅርታ የሚጠየቀው በምን መንገድ እንደሆነ አላውቅም እንጂ ሩፊናንም ይቅርታ እጠይቃት ነበር።

እንግዲህ ስማ። ኤፕሪል 24 ቀን እንደገና ተጋባን። መዝጋቢዋ ልጅ ናት፣ የኦዳርካ እኩያ። ቅጹን አይታ «ከዚሁ ሰው ጋር?» አለችኝ። «ስህተት እያረምን ነው» አልኳት። ሥራዬን ለቅቄ፣ ሚርጎሮድ የነበረችኝን ክፍል ለመንግሥት መልሼ፣ መጻሕፍቴን በጭነት መኪና ጭኜ አምስተኛው ፎቅ ገብቻለሁ። ክፍሌን አሁን የሳንባ ሐኪም ይዟታል፣ መመለሻ የለኝም፤ አልፈልግም። ኦዳርካ መጥታ ከሁለታችን መሃል ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች፣ ልጆቿ ደንግጠው ብስኩቱን ሳይነኩት ቀሩ። አባቷ ስለ ሰርጉ ቀን አንድ ነገር ሊላት ጀመረና አቃተው። «አውቃለሁ አባባ፣» አለችው፣ «አንተ ሰማይ ላይ ነበርክ።»

ያ ሁሉ ሰው እዚህም እዚያም የደነገጠበት ዕቃ እኔን አሥር ዓመት ዘግይቶ ራሴ ላይ ነው የወደቀብኝ። ክሌምን ደህና ነው በለው፤ ጣሪያው አይጠቅምም።

የምለምንህ ነገር ተለውጧል። ግራጫ ክር እፈልጋለሁ፣ ስድስት ድውር፤ ለወንድ ነው፣ ትከሻው ሰፊ። በፖስታ ስትጽፍ የአየሩን ብቻ ጻፍ። ያ የሰማይ ቆጣሪ ርዕሰ መምህር ዝርዝሩን ቢያመጣልህም አመስግነህ ተወው፤ አሁን አያስፈልገኝም። ማወቅ ያለብኝን አውቄያለሁ።

እህትህ ሜላኒያ፣ የኪንድራት ሚስት

ጁን 2 ቀን 1982፣ እርሻው

ለውድ እህቴ ለሜላኒያ፣ ከሩቅ ያለ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ከኖቬምበር ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም፤ ሰባት ወር ሊሞላ ነው። ታመሽ እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ። በጎቹን አስቀድሜ እንዳልጽፍ እነሱም በዚህ ወር ምንም አላደረጉም። አንካሳዋ ብቻ ሽራለች።

የምጽፍልሽ የምሥራች ስላለኝ ነው። ርዕሰ መምህሩ ፕሪዶ ከባሕር ተመልሷል፣ ከእንግሊዝ ወዳጁም መልስ መጥቶለታል። ትናንት እርሻዬ ድረስ በመኪና መጥቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ሚስቱም ኬክ ልካለች። ደስ አለው፣ እኔንም ደስ አለኝ፤ ለአንቺ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ፈልጌ ማግኘቴ ነውና። እሱ ያነበበልኝን እንዳለ ልገልብጥልሽ፤ ቁጥሮቼን በጣም ተጠንቅቄ ነው የጻፍኳቸው።

ሦስተኛዋ፣ የኛዋ፣ ኦገስት 12 ቀን ወጣች። ኦገስት 13 ቀን ሞተሯ ሠርቶ መንገዷን ከፍ አደረገች። ኦገስት 16 ቀን እንደገና ሠርቶ በጣም ሩቅ ወጣች፤ ይህ ጨረቃ ላይ አርፎ የመነሣት ልምምዷ ነበር፣ በደንብም ተወጣችው። ከዚያ ወዲያ ምን አደረገች ብዬ ጠየቅኩት፤ ምን ቀን ምን እንዳደረገች ሁሉን እልክልሻለሁ ብዬሻለሁና። ፕሪዶ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ ጀርባው ባዶ ነበር። ከኦገስት 16 በኋላ ምንም የለም አለኝ፤ ሥራዋ በአምስተኛው ቀን አልቋል፣ ከዚያ ወዲያ አጠገቧ ሆኖ የሚያዳምጣት ሰው አያስፈልጋትም ነበር።

ቴሬንቲ